የትኛው ጥግ ምን ይሰማል

ኤድልሚራ ቤቷን ለስድስት ወር ስታከራየኝ
ከቁልፉ አስቀድማ ደብተር ሰጠችኝ፤
ዝናብ የጠጣ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣
ሟች ባሏ በእርሳስ ሞልቶ የተወው።
«ካርታ ነው» አለችኝ፣ «የዚህ ቤት ካርታ፤
ያለሱ ትደነቁራለህ፣ ቀንም ሆነ ማታ።»
ከዚያ ታንኳዋን ገፍታ ሰርጡን ተሻገረች፣
ከጋራው ጥላ ሥር፣ እህቷ ዘንድ ገባች።

እኔ የበረሃ ልጅ ነኝ፤ ከሰሜን፣ ከደረቅ አገር፤
ለአሥራ አንድ ተማሪ ፊደል ላስቆጥር
ቺሎኤ ደሴት ስመጣ፣ ዝናቡ እንግዳ መስሎኝ ነበር፤
ለካ ባለቤቱ እሱ ነው፣ ተከራዩ እኔ።

የመጀመሪያው ማታ፣ ሬዲዮዬን ታቅፌ እንደ አራስ ልጅ
ዞርኩ ከጥግ ጥግ፣ ከጓዳ እስከ ደጅ፤
ደብተሩም እንዲህ ይላል፦

«ምድጃው አጠገብ፦ የከተማው ጣቢያ፤ ጥርት ይላል፣
የብረት ድስቱ ካልተጣደ። ከተጣደ ይታነቃል።
መስኮቱ ሥር፦ ከመሸ በኋላ የአርጀንቲና ከብት ገበያ፤
የበሬው ዋጋ ጥሩ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ተራራ አለ ወዲያ።
ሦስተኛው ደረጃ ላይ፦ አንድ ሰባኪ ይጮኻል፤
አራተኛው ላይ ስትወጣ፣ ሰባኪው ኳስ ይሆናል።
የወጥ ቤቱ በር፦ ጎሕ ሲቀድ ኤድልሚራ ታንጎራጉራለች፤
ያን ሰዓት ሬዲዮ መክፈት ነውር ነው።
መኝታ ቤት፦ ምንም። ሞከርኩ። ምንም።»

ደብተሩ አርጅቷል፤ ሞገድም እንደ ሰው ቤት ይለቃል።
ሰባኪው ዛሬ የለም፤ ደረጃው ብቻ ሲጥ ይላል።
ከጣሪያው ቆርቆሮ እስከ ፖም ዛፉ ሽቦ ወጠርኩ፣
ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ከሊማ የዋልትዝ ፍርፋሪ ቃረምኩ።
በእርሳሱ ላይ በብዕር እየደረብኩ አረምኩ፤
የሞተ ሰው እጅ ጽሑፍ ማረም ይከብዳል፤ ግን አረምኩ።

ማክሰኞ ቀትር፣ የመልእክት ሰዓት፤ ስልክ ለሌለው ሰው
ጣቢያው የሚያነበው፣ መንደሩ ማንኪያ አስቀምጦ የሚሰማው፦
«ለኤድልሚራ ኡዌንቹር፣ ከልጅሽ ከኖልቪያ፤ ሐሙስ
በጠዋቱ ጀልባ እመጣለሁ፣ ሁለት...» ከዚያ ሹስ፣ ሹስ።
ድስቴ ተጥዶ ነበር። የድንች ሾርባ።
ረገምኩት ድንቹን።

በባለሱቁ በኤሊሴዎ ታንኳ ቀዘፍኩ ወደ ማዶ።
ኤድልሚራ በሽርጧ እጇን እየጠረገች
«እኔ የሰማሁት ጭራውን ነው» አለች፤
«ራሱን ጋራው በልቶት፣
'ፈረስ አምጪ፤ እማ፣ አትቆጪ' ብቻ ሲል ደረስኩበት።»
ራስና ጭራ ገጠምን፤ መሐሉ ግን ጉድጓድ።
ሁለት ምን?

ኤሊሴዎ ሚዛኑን እየወለወለ «ሁለት ዕዳ» አለ፤
እህትየዋ «ሁለት ባል» አለች፣ ሳቋ ጣሪያውን ነቀለ።
ተማሪዎቼ፦ ሁለት ውሻ፣ ሁለት ጊታር፣ ሁለት የወርቅ ጥርስ።
ኤድልሚራ ዝም። ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ጫነች ሁለት ፈረስ።

ጀልባው ከጉም ወጣ። ሞተሩ ጠፋ።
ያለ ሽቦ፣ ያለ ባትሪ፣ ሁላችንም ሰማን።
ኖልቪያ ቆማለች፣ በግራም በቀኝም ታቅፋ።
ኤድልሚራ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ጠፋ።
ዝናቡ በባርኔጣዋ ጠርዝ ይንጠባጠባል።
«አንዱን ወዲህ በይው» አለች፤ «ይበርደዋል።»

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣
ከጋራው ሥር ተነስቶ በውሃው ላይ የሚሮጥ
ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ አንዱ ሲያባራ ሌላው ሲቀበል።
ተነሥቼ ደብተሩን አወጣሁ፤ የሟቹን «ምንም» አልሰረዝኩም፤
ከሥሩ ግን ጻፍኩ፦
«መኝታ ቤት፦ ከማዶ፣ ሁለት ጣቢያ። አይጠፉም።»